ነጩ ኪኒንና በግማሽ የቀረው ወፍጮ

ልክ መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ጦርነቱ ወደኛ ወደ መርሳ የመጣበት ዓመት መሆኑን አውቃለሁ፤ ወሩን ብትጠይቁኝ ግን ባለቤቴ አንድ ትላለች፣ እኔ ሌላ እላለሁ። እሷ ማሽላው ገና እሸት ነበር ትላለች። እኔ ደግሞ ታጭዶ አገዳው በየግቢው ተቆልሎ እንደነበር ነው ትዝ የሚለኝ፤ አገዳው ላይ ተቀምጬ ነዋ ገላዬን ሳክ የዋልኩት። በዚህ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እሷም አትተወው፣ እኔም አልተወው። ስለዚህ ጊዜውን እናንተው እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ የሆነውን ግን እነግራችኋለሁ።

እኔ ወፍጮ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ትውልዴ ጉባ ላፍቶ ደጋው ላይ ነው። አባቴ ገበሬም ነበር፣ ወፍጮ ወቃሪም ነበር። የእጅ ወፍጮ ብዙ ሲፈጩበት እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ሲለሰልስ እህሉ ይንሸራተትበታል እንጂ አይደቅም። ያን ጊዜ ወቃሪ ይጠራና ድንጋዩን በብረት እየነቆረ ያሻክረዋል። እኔም ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ከቄስ ትምህርት ቤት ቀረሁና አባቴን ተከትዬ ይኸንኑ ተማርኩ። ኋላ ላይ የመብራት ወፍጮ በየከተማው ሲተከል የወቃሪ ነገር አበቃ። እኔም ወደ መርሳ ወርጄ ከዚያው ከሞተሩ ወፍጮ ጋር ተቀጠርኩ። የአባቴን ብረት ግን አልጣልኩትም። በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

አሁን ወደ አንገቴ ልምጣ። እንቅርት ነበረኝ። በኛ ደጋ እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የኔ ግን እያደር ገፋና ትንፋሼን ያዘኝ፣ ደሴ ሄጄ በቀዶ ጥገና ወጣልኝ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ፣ «አባባ፣ እንቅርቱን ሳወጣ እጢውንም አብሬ ነው ያወጣሁት። ከእንግዲህ የእጢውን ሥራ ኪኒን ነው የሚሠራልዎት። ዕድሜዎን ሙሉ፣ በየማለዳው፣ በባዶ ሆድ» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። አንዲት ኪኒን መዋጥ ምን ይከብዳል?

ከበደ እንጂ። የተሰጠኝ ቢጫ ኪኒን ነበር። እሱን በጀመርኩ በትንሽ ቀን ውስጥ ገላዬ ሳማ የለበለበው መሰለ። ከንፈሬ አበጠ፣ ጀርባዬ ላይ እንደ ገመድ የሚጋደም ነገር ወጣብኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ ቡዳ ነው አለች፣ ቀጥላ ሽሮው ነው አለች። ነገሩን የፈታችልኝ ወልድያ ያለች የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። ሳትቸኩል አስቀመጠችኝና፣ «አባባ፣ ዋናው መድኃኒት እኮ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ነው። በጣት አይያዝም፤ ስለዚህ በሌላ ዱቄት ያበዙታል። ዓይነቱ እንዳይምታታ ደግሞ ቀለም ይጨምሩበታል። የርስዎ ገላ የጠላው መድኃኒቱን ሳይሆን አብሮት ያለውን ይመስለኛል። ነጩ ቀለም የለውም» አለችኝ።

ይኼ ነገር ለሌላ ሰው ይጠጥር ይሆናል፤ ለወፍጮ ቤት ሰው ግን ግልጽ ነው። በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ጤፍ ብታስከትልበት ጥፋቱ የጤፉ አይደለም። «ታዲያ የኔን ከበርበሬው በፊት እንዲፈጩልኝ ንገሪያቸው» አልኳት፤ ሳቀች። ሐኪሙን በስልክ አማክራ ነጩን ሰጠችኝ። ነጩ አቅሙ ግማሽ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ዋጥኩ። ገላዬም ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ነጩን ለብቻ እያስቀመጠች ትጠብቀኝ ነበር። ስገባ ገና ከበር፣ «በርበሬ ያልነካው ጤፍ መጥቷል» ትለኛለች።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ጦርነቱ የመጣው። መንገዱ ተዘጋ። መብራት ጠፋ። ባንኩም፣ ስልኩም፣ ሁሉም ነገር ቆመ። የኛም ወፍጮ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ጩኸት ስሰማ ኖሬ ድንገት ዝም ሲል ጆሮዬ የታመመ መስሎኝ ነበር።

ሰው ግን መብላት አለበት። ሴቶቹ የእናቶቻቸውን የእጅ ወፍጮ ከያለበት ፍለጋ ያዙ። አንዱ ወፍጮ በር መደገፊያ ሆኖ ተገኘ። ሌላው የዶሮ ውኃ መጠጫ ሆኗል። አንዷ ጎረቤታችን ልብስ ስታጥብበት የኖረችው ድንጋይ የአማቷ ወፍጮ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቀችው። ሁሉም ታጥቦ፣ ተጠርጎ ገባ። ሲፈጩበት ግን ማሽላው እየተንከባለለ ይወርዳል። ድንጋዩ እንቁላል ሆኗል!

ያን ጊዜ ነው አንዲት አሮጊት፣ «እዚያ ሞተር ወፍጮ ቤት ያሉት ሽማግሌ የወቃሪ ልጅ አይደሉም እንዴ?» ያሉት። በማግስቱ ደጃፌ ሰው በሰው ሆነ።

አልዋሽም፣ ኮራሁ። የአባቴን ብረት ከሣጥን አውጥቼ ጨርቁን ፈታሁ። ከዚያ በየቤቱ እየዞርኩ እወቅር ጀመር፤ መርሳን ጨርሼ ወደ ሐብሩ ገጠሮች ወጣሁ፣ እስከ ውርጌሳም ሄጃለሁ። ድንጋዩን ውኃ አርከፈክፍበታለሁ። ከላይ እህሉ መጀመሪያ የሚሰበርበትን ራቅ ራቅ አድርጌ፣ ከታች ዱቄቱ የሚልምበትን ጠቅጠቅ አድርጌ እነቁራለሁ። ስጨርስ አንድ እፍኝ ገብስ አስፈጭና ለዶሮ አስጥላለሁ፤ የድንጋዩን ብናኝ ይዞ ይወጣል። ከዚያ፣ «በይ ልጄ፣ አሁን ፍጪ» እላለሁ። ያ ማሽላ ነጭ ዱቄት ሆኖ ሲወርድ የሴቶቹን ፊት ብታዩት! ደመወዝ ያልሰጠኝን ኩራት እነዚያ ድንጋዮች ሰጡኝ። ለካ አባቴ ያወረሰኝ ከመሬት የሚበልጥ ነገር ኖሯል።

ኪኒኗ ግን እያለቀች ነው። ሁለቱን አንድ አደረግኋት። ከዚያ አንዷንም በየሁለት ቀኑ አደረግኋት። ወደ ወልድያ በእግሩ የሚሄድ ጎረቤት ለምኜ ነበር፤ ተመልሶ፣ «መድኃኒት ቤቱ ተዘግቷል፣ ልጅቱም የለችም። በመስኮት አየሁት፣ መደርደሪያው ባዶ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነጩ ኪኒን ጭራሽ አለቀ።

ያለ ኪኒን መሆን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሕመም አይደለም፤ ቀስ ብሎ እንደሚጠፋ ፋኖስ መሆን ነው። መርሳ ሙቀት ነው፤ እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ፊቴ አበጠ። ድምፄ ጎረነነ። ባለቤቴ፣ «አንቱ፣ ትናንት ከደጅ ሲጣሩ እኮ ጅብ የገባ መስሎኝ በሩን ልዘጋ ነበር» ትለኛለች። ከሁሉ የከፋው ክንዴ ነው። ብረቱን አነሣዋለሁ፣ ሲወርድ ግን የኔ ክንድ አይደለም። ሰው ድንጋዩን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል። መሞቱ አላስፈራኝም አልልም። ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ያ ሁሉ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ከኔ ሌላ በዚያ አካባቢ የሚወቅር አልነበረማ።

መርሳ ውስጥ አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ ነበር። ሰው ሁሉ ሲበታተን እሱ አልሄደም፤ ያተረፋትን መድኃኒት እቤቱ አስቀምጦ ሰው ያክም ነበር። ወደሱ ሄድኩ። አገላብጦ ፈልጎ ሲያበቃ ሙሉ ዕቃ ቢጫ ኪኒን አወጣ።

«አባ፣ ያለኝ ይኼው ነው። መድኃኒቱ ያው ነው።»

«መድኃኒቱስ ያው ነው፣ በርበሬ አለበት እንጂ» አልኩት። አልገባውም፤ አስረዳሁት።

ዕቃውን እጄ ላይ አኖረልኝ። «በጥቂቱ ይሞክሩት። ከንፈርዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ያኔውኑ ያቁሙና ወደኔ ይምጡ። በባዶ ሆድ ነው እንግዲህ የሚውጡት።»

«በዚህ ዘመን ባዶ ሆድ ምን ይጠፋል፣ ልጄ!» አልኩት፤ ፈገግ አለ።

ቤት ስገባ የወፍጮ ሰው ጭንቅላቴ ሥራ ጀመረ። መድኃኒቱ ከዱቄት ጋር ከተቀላቀለ፣ ዱቄት ደግሞ ከተነፋ፣ ታዲያ ይኼ ለምን አይነፋም? መድኃኒቱ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ነው ተብሏል፤ እንግዲያ እሱ ወደ ታች ወርዶ ሌላው ከላይ ይቀራላ። ባለቤቴን ጠርቼ አንዷን ቢጫ ኪኒን በንጹሕ ሙቀጫ አደቀቅናት፣ የነጠላዋን ጫፍ ሳህን ላይ ወጥራ ያዘችልኝ፣ እኔ በጣቴ ቀስ እያልኩ ነፋሁ። ሁሉም ወረደ። ቅንጣት ሳይቀር ወረደ። ሳህኑ ላይ ቢጫ፣ ነጠላው ላይ ቢጫ፣ ጣቴ ላይ ቢጫ።

ባለቤቴ ሳህኑን አየች፣ ነጠላዋን አየች፣ እኔን አየች።

«አሁን የቱ ነው መድኃኒቱ? የወረደው ነው የቀረው?»

«የወረደው ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል! ነጠላዬም ልትድን ነዋ እንግዲህ!»

የወረደውን ዋጥኩት። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አደረግን። ከዚያ ያ ሳማ ተመልሶ መጣ፤ ከጀርባ ተነሥቶ አንገቴ ደረሰ። አገዳው ላይ ተቀምጬ ያከኩት ያን ጊዜ ነው። ወጣቱ ባለሙያ ጋ ስሄድ ኪኒኑን እንዳቆም ነገረኝ። ስለ መንፋቱ ሲሰማ ግን ግንባሩን ይዞ፣ «አባ፣ ኪኒን እኮ ጤፍ አይደለም» አለ። እውነቱን ነው። በወንፊት የሚለይ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ክንዴ ደክሞ፣ ገላዬ ነድዶ፣ ቢጫውን ዕቃ ሣጥን ውስጥ ዘግቼበት ሳለ ነው ያቺ ሴትዮ ያስጠራችኝ። ከመርሳ ገበያ ጀርባ የምትኖር ቅመም ነጋዴ ናት፤ ሙስሊም ናት፤ ጎልማሳ። ባሏ ለንግድ እንደወጣ መንገድ ተዘግቶበት ደሴ ቀርቷል፤ እሷ ልጆቿን ይዛ አለች። አይሆንልኝም ልል ነበር፤ ግን የልጆች ነገር ሲባል ብረቴን ይዤ ተነሣሁ። ባለቤቴ እስከ በሩ ደግፋ አደረሰችኝ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኳት።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ይግቡ አባባ። ድንጋዩ ይኸው፣ የእናቴ ነው። በርበሬ ነክቶት አያውቅም፣ ወላሂ» አለች። ቅመም ነጋዴ መሆኗን ስለማውቅ እንዳልጠረጥራት ነው።

ጀመርኩ። የላይኛውን ክፍል ነቆርኩ፤ እሱን በመከራ ጨረስኩ። ወደ ታችኛው ስወርድ ብረቱ ከእጄ ወደቀ። አነሣሁት። ደግሞ ወደቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ለማንሣት ጎንበስ ስል ያ ማሳከክ ተነሣብኝና ግድግዳው ላይ ጀርባዬን እፈትግ ጀመር፣ በሬ እንደሚያደርገው።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? ቁንጫ ነው?»

«ቁንጫማ ቢሆን በገደልኩት» አልኳት። ከዚያ ከእንቅርቴ ጀምሬ እስከ ባለቤቴ ነጠላ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ትንሽ አመንትታ፣ «አንቱ እንደ አባቴ ነዎት» አለችና ሻሿን ከአንገቷ ገለጥ አደረገች። የኔው ጠባሳ ነው! እዚያው ቦታ፣ እንደዚያው የተጋደመ።

«ደሴ ነው?» አልኳት።

«ደሴ ነው።»

«እንግዲያ አንድ ሰፊ ነው የሰፋን።»

አሁን ሳቀች። «የርስዎ የሚስማማዎት የቱ ነው ያሉኝ?»

«ነጩ።»

«ሱብሐነላህ!» ብላ ብድግ አለች። ከዕቃዋ መሀል የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አውጥታ ከፈተችው። የኮረሪማ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ከሥሩ ደግሞ ነጭ ኪኒን፣ ነጭ በነጭ። ነጋዴ አይደለች? ደሴ ስትሄድ ሁልጊዜ የብዙ ጊዜውን አንዴ ሸምታ ነው የምትመለሰው። ለሷ ነጭ ሆነ ቢጫ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱንም ስትውጥ ኖራለች። ያን ጊዜ የተገኘላት ነጩ ሆነ እንጂ።

ዓይኔ ቆርቆሮው ላይ ቀረ፤ እጄን ግን ሰበሰብኩ። «ያንቺን ወስጄ አንቺ ልትወድቂ ነው? የልጆች እናት ነሽ። አይሆንም።»

«ማን በነጻ እሰጣለሁ አለዎት? ነጋዴ ነኝ እኮ! ያንን ሣጥን ውስጥ የዘጉበትን ቢጫ ያምጡ፤ እንለዋወጣለን። እኔን አያሳክከኝ።»

ስንት ቀን ስንጨነቅ፣ ስንነፋ፣ ያ ዕቃ እዚያው ሣጥን ውስጥ ለሰው እንጀራ ሆኖ ተቀምጧል! በዚያ ጊዜ እኮ ገበያው ሁሉ ልውውጥ ነበር። ጨው በማሽላ፣ ሳሙና በሽንኩርት ይለወጥ ነበር። ኪኒን በኪኒን ግን የለወጥን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

በግምት አላደረግነውም። ቆርቆሮዋን ይዛ፣ እኔም ዕቃዬን አስመጥቼ ወጣቱ ባለሙያ ዘንድ ሄድን። የሁለቱንም ጽሑፍ አነበበ፣ የሁለታችንንም ልክ ጠየቀ፣ የአንገታችንን ጠባሳ አየ። «ልክ ነው። የሁለታችሁም መጠን አንድ ነው። አንዱ ቢጫ የሁለት ነጭ አቅም አለው» አለ።

«ሁለት ነጭ ባንድ ቢጫ?» ብላ ጮኸች፤ «ይኼማ ኪሳራ ነው! እኚህ ሽማግሌ በጤናቸው ገበያ ቢወጡ ያራቁቱኛል!»

ልጁ ሳቀ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሲያበቃ ወደሷ ዞሮ፣ «አንቺም ለውጥ ካየሽ ንገሪኝ። ደግሞ ምንም አትንፉ» አለ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጭ ኪኒኖች በማግስቱ ማለዳ ዋጥኩ። ኮረሪማ ኮረሪማ ይላሉ። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ከንፈሬን ስትጠብቅ ረፈደ። ምንም አልመጣም። በሌላውም ቀን ምንም። ቅመም ነጋዴዋም ቢጫዋን እየዋጠች ደህና ነኝ ብላ ላከችብኝ።

ኃይሌ ባንድ ጊዜ አልተመለሰም። መጀመሪያ የሞቀኝ እግሬ ነው። ቀጥሎ ፊቴ ጎደለ። አንድ ቀን ቆሎው አልተቆላም ብዬ ስነጫነጭ ባለቤቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ «ተመስገን፣ ድምፅዎም ጭቅጭቅዎም ተመለሰ» አለች። ያን ዕለት ብረቴን አንሥቼ ክንዴን ሞከርኩት። የኔ ክንድ ነው።

በቀጥታ የሄድኩት ወደሷ ቤት ነው። ድንጋዩ እንደተውኩት አለ፤ ላዩ ሻካራ፣ ታቹ ለስላሳ። የላይኛው ክፍል እህሉን ይሰብረዋል፤ የታችኛው ካልተወቀረ ግን አይልምም።

«እስከ ዛሬ በምን ፈጨሽ?» አልኳት።

«በዚሁ በግማሹ። ቤተሰቡ በሙሉ ቅንጬ ሲበላ ከረመ። ልጆቹ ቅንጬ ሲያዩ ይሸሻሉ።»

«ከጎረቤት ድንጋይ አትፈጪም ነበር?»

«እሱማ ይቻላል» አለች። «ግን ሽማግሌው ይጨርሱታል ብያለሁ፤ ይጨርሱታል አልኩ።»

ውኃ አርከፈከፍኩበትና ቁጭ አልኩ። የታችኛውን ክፍል እንደዚያ አድርጌ የወቀርኩት ድንጋይ የለም፤ አባቴ ቢያየው ጎኑን እየዳሰሰ ይቆይ ነበር፣ እሱ ሲረካ እንዲያ ነው። ገብሱን አስፈጨሁ፣ ዶሮዎቹ ለቀሙት። ከዚያ ማሽላው ገባ። ቅመም ነጋዴዋ መጁን፣ የላዩን ድንጋይ፣ ይዛ አንዴ ገፋ ስታደርገው ዱቄቱ እንደ አመድ ልሞ ወረደ። ልጆቹ ከየጓዳው ወጥተው ከበቡን። «ቅንጬ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ትንሹ።

ኋላ መንገዱ ተከፈተ፣ መብራቱም መጣ፣ የኛም ወፍጮ ጩኸቱን ቀጠለ። የእጅ ወፍጮዎቹ ብዙዎቹ ወደ በር መደገፊያነታቸው ተመለሱ። የወልድያዋ ባለሙያም በደህና ተመልሳ ነጩን ታስቀምጥልኛለች። ብረቴን ግን ወደ ሣጥን አልመለስኩትም። ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ የሚገባ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ እኔም እነግረዋለሁ።

ስነግር ታዲያ ሰው ሁልጊዜ ያቺኑ ጥያቄ ያመጣል፤ በዚያ ክፉ ቀን ማን አሻገረዎት ይላል። ሐኪሙም፣ ወጣቱ ባለሙያም፣ ነጠላዋን ያበላሸሁባት ባለቤቴም ውለታ አላቸው፤ አልክድም። ክንዴን ይዞ ያሻገረኝ ሰው ግን ያቺው በመርሳ ገበያ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትሸጠው፣ ጠባሳዋ ከጠባሳዬ የሚገጥመው ቅመም ነጋዴዋ ናት።